አልቃይዳ፣ አባዱላና ቦቃው በሬ

ወረታ ሐዲድ የለም። በወረቀት ግን ነበር። የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ባወጣው የአገሪቱ የባቡር መረብ ዕቅድ ላይ ከባሕር ዳር የሚመጣው፣ ወደ ወልድያ የሚሻገረውና ወደ መተማ የሚወርደው መስመር መገናኛቸው እኛ ከተማ ነበረች። ወሬው የተሰማ ሰሞን ጣቢያው የት እንደሚሠራ የማያውቅ የወረታ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚያውቀው ጣቢያ ታዲያ የገዛ ራሱ ቦታ አጠገብ ነው። ባቡሩ አልመጣም። ደረቅ ወደቡ መጣ፤ ኮንቴይነሩ መጣ፤ ኮንቴይነር የሚጎትተው ባለ ተሳቢ መጣ። የባቡር ወዳጆቹ ግን ከሁሉም ቀድመው እዚሁ ነበሩ።

የባቡር ወዳጅ የምለው ተሳፍሮ የሚሄደውን አይደለም፤ ቆሞ የሚያየውን ነው። በፈረንጅ አገር ይህ የታወቀ ልክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ለንደን ውስጥ በሰዘርን የባቡር ኩባንያ ኢያን አለን የሚባል ወጣት ጸሐፊ ነበር። ሰው ስለ ሎኮሞቲቭ ቁጥርና ስም እየጠየቀ በደብዳቤ ቢያስቸግረው የኩባንያውን ሎኮሞቲቮች ቁጥር ከነስማቸው በትንሽ መጽሐፍ አትሞ ሸጠው። ከዚያ ወዲያ የእንግሊዝ ልጅ እርሳስ ጨብጦ ጣቢያ ጫፍ እየቆመ ያየውን ቁጥር ከመጽሐፉ ላይ ማስመር ጀመረ። ዝናብ ይዘንባል፤ ልጁ ያሰምራል። እናት ትጣራለች፤ ልጁ ያሰምራል። የዚያ ዘመን ልጆች አርጅተው እንኳ ከነእርሳሳቸው የቀሩ አሉ።

አሜሪካኖቹ ደግሞ ባሱ። የጄኔራል ሞተርስ ኤሌክትሮ ሞቲቭ ፋብሪካ ጂፒ 38 የተባለ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ደግሞ ጂፒ 38-2 የተባለ ተከታይ አወጣ። ለእኔና ለእርስዎ ቢያሳዩን መንታ ናቸው። ዋናው ለውጥ ሆዳቸው ውስጥ፣ ኤሌክትሪኩ ላይ ነው። የባቡር ወዳጅ ግን ሆድ ከፍቶ ማየት አይፈቀድለትም፤ አጥር ዘሎ ከገባ ፖሊስ ይመጣል። ስለዚህ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ምልክት ፈለገ፤ አገኘም። በረጅሙ ኮፋኖ ቀኝ ጎን ላይ የማቀዝቀዣውን ውሃ ልክ የምታሳይ ትንሽ መስታወት አለች። መስታወቷ ካለች ተከታዩ ነው፤ ከሌለች ቀዳሚው። እዚህ ላይ ቢበቃው ጥሩ ነበር። አልበቃውም። ያንኑ አንድ ሞዴል በአየር ማስገቢያው ወንፊትና በእጅ ፍሬኑ እየለየ ምዕራፍ አንድ፣ ምዕራፍ ሁለት፣ ምዕራፍ ሦስት ብሎ ከፈለው። ፋብሪካው እነዚህን ምዕራፎች አያውቃቸውም። ሠሪው የማያውቀውን ልዩነት ተመልካቹ አውቆ፣ ስም ሰጥቶ፣ ተጣልቶበታል።

እንግሊዞቹ የቅጽል ስም ሰዎች ናቸው። መንግሥት ሎኮሞቲቮቹን በክፍል ቁጥር ደልድሎ ሲጨርስ እነሱ ክፍል 50ን የማራገቢያው ጩኸት የቤት ምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ይመስላል ብለው «ሁቨር» አሉት፤ ክፍል 37ን በሞተሩ ድምፅ «ትራክተር» አሉት። እነሱ ዘንድ ትራክተር ማለት ሙገሳ ነው።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ወረታ ሆኜ ነው፤ ምንም አልደነቀኝም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው አስፋልት ወደ ደብረ ታቦር ከሚታጠፈው ጋር የሚገናኝበት መገንጠያ ላይ፣ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን፣ ይህ ሁሉ በአማርኛ ይሠራል። ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት፣ እስካሁንም የቻይና መንገድ የሚባለው ነው። በአለም በር፣ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ ይወርዳል። የጅቡቲ ዕቃ በዚያ ይመጣል፤ የዙሪያችን የፎገራ ሜዳ ሩዝና ሽንኩርት በዚህ ይወጣል። ወረታ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ተኝታለች፤ ደብረ ታቦር 2700 ላይ ተቀምጣለች። ልዩነቱን የሚከፍለው ሞተሩ ነው። ከመገንጠያው ያለፈ መኪና ሁሉ ማንነቱ የሚታወቀው ያ ዳገት ላይ ስለሆነ፣ እዚህ ያለው ተመልካች ቀድሞ መፍረድ አለበት።

ተመልካቾቹ ብዙ ናቸው፤ ዋናዎቹ ግን ሦስት ናቸው። አንደኛው ሊስትሮው ነው። ሁለተኛው ተራ አስከባሪው ነው። ሦስተኛው ጎሚስታው በር ላይ ወንበር አስወጥተው የሚቀመጡት ጡረተኛ ሾፌር ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ጋሼ የነዱት ፊያት ነው፤ ኤንትሬ። ከኤንትሬ በፊት የነበረውን ትሬንታ ኳትሮ በልጅነታቸው አይተዋል። ከኤንትሬ በኋላ የመጣውን ሁሉ መኪና ብለው ለመጥራት ገና አልወሰኑም።

ሊስትሮው በጆሮ ነው የሚሠራው። ጫማ ላይ አጎንብሶ ሳለ ከጉማራ ድልድይ በኩል ድምፅ ይመጣል።

«ኤፍ ኤስ አር፣ ባዶ» ይላል ቀና ሳይል።

«ኤን ፒ አር ነው» ይላል ተራ አስከባሪው፣ እሱም ሳያይ፣ ለነገር ያህል።

መኪናው ብቅ ይላል። ኤፍ ኤስ አር ነው፤ ባዶ ነው። ባዶ መሆኑን በምን እንዳወቀ ብትጠይቁት «ስፖንዳው ያንቋቋል» ይላችኋል፤ ከዚያ ሌላኛውን እግር አምጡ ይላል። ሁለቱም አይሱዙ ናቸው፤ ኤን ፒ አሩ ታናሽ፣ ኤፍ ኤስ አሩ ታላቅ። ይህ የጃፓኖቹ ክፍፍል ነው። የመገንጠያው ክፍፍል ግን ከዚህ ይጀምራል እንጂ እዚህ አያበቃም። በኤን ፒ አሩ ሻንሲ ላይ አገር ቤት ላሜራ ተቀጥቅጦ ወንበር ከተደረደረበት ያ አይሱዙ መሆኑ ቀርቶ ቅጥቅጥ ነው። ሞተሩ ያው፣ ካምቢዮው ያው፣ ፍሪሲዮኑ ያው። ሰው ከተጫነበት ቅጥቅጥ፣ ሽንኩርት ከተጫነበት አይሱዙ። ሽንኩርት ጭኖ በሌሊት ከበረረ ደግሞ አልቃይዳ።

አልቃይዳ የሚለው ስም መቼም አገር ያወቀው ነው፤ የመጣውም ከሚያደርሰው አደጋ ነው። እኛ ዘንድ ያስቸገረው ግን የምደባው ጉዳይ ነው። አልቃይዳ የመኪና ዓይነት ነው ወይስ የአመል? ጋሼ ዓይነት ነው ባይ ናቸው፤ አይሱዙ ሁሉ አልቃይዳ ነው፣ የቆመውም ጭምር። ተራ አስከባሪው አመል ነው ይላል፤ ሾፌሩ ረጋ ያለ ከሆነ መኪናውን ስሙን ማጥፋት ኃጢአት ነው። አንድ ቀን የሰንበት ተማሪ የሆነ፣ ከ50 በላይ የማይነዳ የአይሱዙ ሾፌር ጎማ ሊያስለጥፍ ቆመና ክርክሩን ሰማ። «እኔስ ምን ነኝ?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «አንተ የተኛህ አልቃይዳ ነህ» አሉት።

ሲኖትራኩም እንዲሁ ነው። ቀይ ሽብር ይሉታል፤ እዚህ ብቻ ሳይሆን አገር ምድሩ እንዲህ ነው የሚለው። ስሙ ስለ ቀለሙ አይደለም፤ ስለ ሥራው ነው። ታዲያ ነጭ ጋቢና ያለው ሲኖትራክ ድንጋይ ጭኖ ሲያልፍ ሊስትሮው «ነጭ ቀይ ሽብር!» ብሎ ሲጮህ ከእንግዳ በቀር የሚስቅ የለም። እዚህ ላይ አሜሪካኖቹ ከእኛ የሚማሩት አለ። እነሱ ሎኮሞቲቭ የሚለዩት ባላት መስታወት ነው፤ እኛ ባደረሰው ነገር ነው።

የቀድሞ ሰዎችስ? ብረት ላይ ስም መለጠፍ እዚህ አካባቢ የመጣው ከአይሱዙ ጋር አይደለም። ከእኛ በላይ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ትልቁን መድፍ አሠርተው ሴባስቶፖል አሉት። ሴባስቶፖል እንግሊዝና ፈረንሳይ ከሩሲያ ጋር የተጨራረሱበት ከተማ ነው፤ የዘመኑ ትልቅ የጦር ወሬ እሱ ነበር። ንጉሡ ያን የሩቅ አገር ወሬ አንሥተው ብረቱ ላይ አኖሩት። ከዚያ ያን ሰባት ቶን የሚጠጋ ብረት በሰው ጉልበት ወደ መቅደላ አስጎተቱት፤ መንገድ እየተጠረገለት ወራት ፈጀ። ዛሬ ያን አቅጣጫ ሲኖትራክ በሰዓታት ይሠራዋል፤ እየተነፋነፈ ቢሆንም። ስም አወጣጡ ግን አልተለወጠም። የሩቁ የጦር ወሬ እስከዛሬ የሚያርፈው በቅርቡ ከባድ ብረት ላይ ነው። ሬዲዮ አልቃይዳ አልቃይዳ ባለ ዘመን አይሱዙ ባይኖር ኖሮ ስሙ የት ይገባ ነበር?

አባዱላ የተባለው ሚኒባስ ስሙን ከፖለቲካው ነው የወሰደው፤ የኦሮሚያ ፕሬዚዳንት፣ በኋላም የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ከነበሩት ሰው ጋር ሞክሼ ነው። የቶዮታ ሃይስ አዲሱ፣ ሰፊው ነው። ከሱ የቀደመውና አፍንጫው ሞልሞል ያለው ዶልፊን ይባላል። ዶልፊን ባሕር ውስጥ የሚኖር መሆኑን የማያውቅ፣ ጣና ዳር አድጎ ከዓሣ ቀረሶና አምባዛን ብቻ የሚያውቅ የፎገራ ልጅ «ዶልፊን የሚባል መኪና አለ፤ በሱ ስም የተጠራ ዓሣም አለ» ብሎ አስተማሪውን ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። ስለ ቅደም ተከተሉ ማን ይፈርዳል?

የእነዚህ ሁለት ሚኒባሶች ልዩነት ከባድ ነገር ነው። ከወረታ ባሕር ዳር አጭር መንገድ ስለሆነ ማናቸውም ያደርሱሃል፤ ልዩነቱ የክብር ነው። ለቅሶ በዶልፊን ይኬዳል፣ ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ ግን አባዱላ ይፈለጋል። መንግሥት ደግሞ በበኩሉ የሕዝብ ማመላለሻውን አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ሦስተኛ ደረጃ ብሎ መድቧል። ይህ ደረጃ ታሪፍ ላይ ይሠራል። መገንጠያው ላይ ግን ሦስተኛ ደረጃ ብሎ የሚጠራ ሰው ካያችሁ ወይ ተቆጣጣሪ ነው፣ ወይ ተቆጣጣሪ ያየ ሾፌር ነው።

ሰሌዳውም አለ። በቆየው አሠራር ቀዩ ኮድ 1 ታክሲ፣ ሰማያዊው ኮድ 2 የቤት፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ፣ ጥቁሩ ኮድ 4 የመንግሥት፣ ብርቱካናማው ኮድ 5 የዕርዳታ ድርጅት። ሊስትሮው ሰሌዳ የሚያነበው ጫማ ለመገመት ነው። ኮድ 5 ሸራ ጫማ ያደርጋል፣ አያስጠርግም። ኮድ 4 ያስጠርጋል፣ ተመላሽ ይጠይቃል። ኮድ 3 ጫማው ጭቃ ነው፣ ግን ከነጉርሻው ይከፍላል። ኢያን አለን ይህን ዓይነት ዓምድ መጽሐፉ ውስጥ አላስገባም።

ባጃጁ ላይ ግን እኛም ተሸንፈናል። ከሕንድ ኩባንያዎች ሁለቱን እናውቃለን፤ ባጃጅና ቲቪኤስ። ባለሙያው ሁሉ ቲቪኤሱን በመብራቱ ይለየዋል፤ ስለ ዕቃው፣ ስለ ጥንካሬው ሲከራከር ያመሻል። ሲጠራው ግን ባጃጅ ነው። «ይኼ ባጃጅ ቲቪኤስ ነው» ይባላል፤ ዓረፍተ ነገሩ ማንንም አይጎረብጠውም። እንዲህ ያለ ጥብቅ ሕዝብ እዚህ ላይ ለምን እንደላላ አስቤበታለሁ። ይመስለኛል፣ ባጃጅ ዳገት ስለማይወጣ ነው። የአለም በር ዳገት የማይፈትነውን ነገር መገንጠያው አጥብቆ አይመድበውም።

ይህ ዓይን ከየት መጣ ቢባል፣ ከብቱ ላይ ነው የተሳለው። የፎገራ ከብት በአገሪቱ የታወቀ ዝርያ ነው፤ ረግረጉን የለመደ፣ ወተቱ የተመሰገነ። ሜዳው ክረምት ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ በውሃ ይተኛል፤ ውሃው ሲሸሽ ሣሩ ይወጣል፤ ከብቱ ከየአቅጣጫው እዚያ ይቀላቀላል። የተቀላቀለ ከብት መለያ ይፈልጋል። ቡሬው፣ ዳልቻው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው ቦቃው፣ ቀንድ የሌለው ጎዳው። ከዚያ ሻኛው ትልቅ ነው ትንሽ፣ ጆሮው ተተልትሏል አልተተለተለም። ጊደር የጠፋችበት ሰው መንገደኛ ሲጠይቅ በእነዚህ ቃላት ሥዕሏን ይስላል፤ መንገደኛውም «አላየሁም፤ ቦቃዋ ወደ ግራ የዞረች ግን ርብ ማዶ አይቻለሁ» ይላል። ይህ የጂፒ 38-2 መስታወት ነው። ከአጥር ውጭ ቆሞ፣ ሆድ ሳይከፍቱ መለየት።

በኋላ ሩዝ መጣ። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አምጥተው የሞከሩት ነው፤ አንዱ ዝርያ ከጅግና ቀበሌ ስሙን ወስዶ ኤክስ ጅግና ሆነ። ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ለሩዝ ሲመች የግጦሹ መሬት እየታረሰ ሄደ፤ ከብቱ ቀነሰ። ሩዙ ደግሞ መፈልፈያ ፈለገ፤ መፈልፈያው መኪና ጠራ። በአንድ ትውልድ ውስጥ አባት በሻኛ የለየበትን ዓይን ልጅ በፓራውልት ይለይበት ጀመር። ጋሼን ለምሳሌ ብወስድ፣ የወጣ የወረደውን ሲኖትራክ ሁሉ ፊቱን አይተው «ይኼ ጎዳ ነው» ይላሉ። ምን ማለት እንደሆነ ለብዙ ጊዜ አልገባኝም ነበር። ለካ በጋቢናው ጣሪያ ላይ ክላክስ ያልተተከለበት ማለታቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የመገንጠያው ሰዎች ይህን ሁሉ ለጥቅም ነው የምናውቀው ይላሉ። ተራ አስከባሪው ለሥራዬ ነው ይላል፤ እውነት አለው። ደላላው ለዋጋ ነው ይላል፤ እሱም እውነት አለው። ሊስትሮውስ? አይሱዙ አይገዛ፣ አይሸጥ፣ አይነዳ። በማርሚታው ድምፅ ተርቦ ያለውን ከሌለው ሲለይ ማን ምን ከፈለው? ጠይቄው አውቃለሁ። ጥቂት አሰበና «ዝም ብሎ ካለፈ ምን ዋጋ አለው?» አለኝ። የእንግሊዙ ልጅ ባለ እርሳሱ ዋተርሉ ጣቢያ ላይ ከዚህ የተሻለ መልስ የነበረው አይመስለኝም። ፍቅር ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ሰው ግን ቅጥቅጥ እወዳለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ መናገር ስለሚያፍር ለሥራዬ ነው ይላል።

ድሬዳዋዎች ይህን ሐፍረት አያውቁትም። በእነሱ ዘንድ እውነተኛ ባቡር ነበርና። የፈረንሳዩ መስመር ልጆች ስለሆኑ የናፍጣ ሎኮሞቲቭን በፈረንሳይ ልማድ በዘንጉ ቁጥር ይጠሩታል፤ ከፊት ሁለት ከኋላ ሁለት ዘንግ ያለው ቤ ቤ፣ ሦስት ሦስት ያለው ሴ ሴ። ጣሊያን ያመጣውን ሊቶሪናንም ጨምረው፣ ወርክሾፑ ውስጥ የቆሙትን አሮጌ ብረቶች እንደ ዘመድ ይቆጥሯቸዋል። አንድ የድሬ ሰው በወረታ ሲያልፍ ከጋሼ ጋር ቁጭ ብሎ ሻይ ጠጣ። ስለ ቤ ቤና ሴ ሴ አስረዳ። ጋሼ በጥሞና ሰምተው፣

«ታዲያ ይኼ የፍየል ድምፅ እንጂ ስም ነው?» አሉ።

«ቁም ነገሩ ዘንጉ ነው፣ ጋሼ።»

«ዘንግማ የኛም ተሳቢ አለው። ባለ 400 ኩንታሉን ቁጠር እስቲ።»

የድሬው ሰው ቆጠረ። ሲቆጥር ዓይኑ እየበራ ሄደ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ፤ የሚሄድበት መኪናም ጥሎት ሄደ። በማግስቱ ነው የተጓዘው።

እንግሊዞቹ ከክፍል ስም ሌላ ለአንዳንድ ሎኮሞቲቮች የየራሳቸውን ስም ሰሌዳ ላይ ቀርጸው ይለጥፉላቸው ነበር። ዴልቲክ ከሚባሉት 22 ናፍጣዎች ስምንቱ የተሰየሙት በእሽቅድምድም ፈረሶች ስም ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ከሁሉም በላይ የገባቸው እሱ ነው። እኛ በፈረሱ ስም ሰውየውን ስንጠራ ኖረናል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። «ፈረሱን ለብረቱ ሰጡት እንግዲህ» አሉ፤ ቅር ያላቸው አልመሰለኝም። የሳቸው ኤንትሬ ግን ስም ነበረው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ወሬ ቀየሩ። ከጎሚስታው ነው በኋላ የሰማሁት፤ ነበረው፤ ስሙም የባለቤታቸው ነበር። ባለቤታቸው ሲሰሙ የትኛዋ ከበደችህ ብለው ሦስት ቀን አኩርፈዋል አሉ።

አሁን የመጣው ጣጣ የኤሌክትሪኩ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄደው እየበዛ ነው። ባለፈው አንድ ሚኒባስ ከባሕር ዳር በኩል መጥቶ መገንጠያው ላይ ቆመ። ሊስትሮው አልሰማውም። ጫማ እየጠረገ ነበር፤ ቀና ሲል መኪናው አፍንጫው ሥር ነው። እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶበት አያውቅም። ብሩሹን ጥሎ ዞሮ አየው፤ ማርሚታ ፈለገ፣ የለም፤ የራዲያተር ወንፊት ፈለገ፣ ፊቱ ድፍን ነው።

«ጎዳ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ወደ ጋሼ እያየ።

«ጎዳ ቀንድ የለውም እንጂ ይጮኻል» አሉ ጋሼ።

ተራ አስከባሪው አባዱላ እንበለው አለ። ወንበሩ እንደዚያ ነው፣ ስፋቱም እንደዚያ ነው። ሊስትሮው ድምፅ የሌለው አባዱላ አላውቅም አለ። ጎሚስታው ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ጎማው ጥሩ ነው አለ፤ ያ የሱ ምደባ ነው። ሾፌሩ ደግሞ ካርዱን አውጥቶ የቻይና ስሙን ሊያነብላቸው ጀመረ፤ ማንም አልሰማውም። ፋብሪካው ምን እንደሚለው የጠየቀ አልነበረም።

ጋሼ ወንበራቸውን ወደ ጥላው ሳብ አድርገው ሾፌሩን ወዴት ነህ አሉት።

«ደብረ ታቦር።»

«ሙሉ ጭነህ?»

«ሙሉ።»

«ሂድና አለም በርን ውጣ» አሉት። «ስትመለስ እንሰይምሃለን።»